መብራት ብለን የጠራነው ኃይል
የጉለሌ ቤቶችና የሽቦዎቻቸው ታሪክ

በቋንቋችን ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩ የታሪክ ሰነዶች አሉ። መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ ማራገፍ ሳያስፈልግ ሰው ሁሉ በየቀኑ በአፉ ይዟቸው ይዞራል። ከነዚህ አንዱ «መብራት» የሚለው ቃል ነው። ምጣዱ ሲቀዘቅዝ «መብራት ሄደ» እንላለን። ሬድዮው ጸጥ ሲል፣ የስልኩ ባትሪ አልሞላ ሲል «መብራት የለም» እንላለን፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በእኩለ ቀን! ሒሳቡ የሚከፈለው «ለመብራት» ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውም «የመብራት ቆጣሪ» ነው። ለምን ቢሉ፣ ኤሌክትሪክ ወደዚህ አገር ሲገባ ብርሃን ሆኖ ነበርና ቃሉ የመጀመሪያ ሥራውን እንደያዘ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቋንቋም እንደዚያው ነው።

ታዲያ የቀረው ቃሉ ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረው? ሽቦውም አብሮ ቀርቷል እንጂ። የዚህች ጽሑፍ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ በጉለሌና ጉለሌን በመሰሉ አሮጌ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በየቤቱ የምናየው የኤሌክትሪክ ጣጣ ብዙውን ጊዜ የአንድ ምሽት ዱብ ዕዳ ሳይሆን የረጅም ዓመታት ታሪክ ውጤት ነው። ለአምፖል የተዘረጋ መስመር ምጣድ እንዲሸከም ተፈርዶበታል። ይህን ታሪክ የተረዳ ሰው ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር አይደናገርም፤ ራሱ መርምሮ የሚደርስበትንና እጁን ሰብስቦ ባለሙያ የሚጠራበትን ለይቶ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ደግሞ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

፩. ከቤተ መንግሥት እስከ ጭቃ ቤት

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ኤሌክትሪክ ኢትዮጵያን የረገጠው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን መጀመሪያ ያበራው ቤተ መንግሥቱን ነው። ቆየት ብሎ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ አንዲት አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተተከለች። በፋሺስት ወረራ ዘመን ኮኒዬል የተባለ የጣልያን ኩባንያ የኤሌክትሪኩን ሥራ ያዘ። ወራሪው ሲባረር ንብረቱ በጠላት ንብረትነት ሲተዳደር ቆይቶ በ1940 ዓ.ም. የሸዋ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል የተባለ ድርጅት ተተካ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡም ረጅሙን ስም ቆርጦ «መብራት ኃይል» አለው። ድርጅቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ኃይል አመንጪ፣ ሌላው ለየቤታችን የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ይላል። ልብ በሉ፤ በዚህች አጭር ስም ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ መብራትም ኃይልም። እኛ በአፋችን የያዝነው የመጀመሪያውን ነው፤ ቤታችንን የሚያቃጥለው ሁለተኛው ነው።

በ1952 ዓ.ም. ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ይዞ ተመረቀ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ አቅሙ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ከአንዱ ግድብ እስከ ሌላው ከመቶ እጥፍ በላይ ተጉዘናል ማለት ነው። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፤ አንክድም። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ በዚህ ሁሉ ዘመን በአንዲት የሽሮሜዳ ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በምስማር የተመታው ሽቦ ስንት ጊዜ ተለወጠ?

ጉለሌን እናውቃታለን። የምንማርበት የስድስት ኪሎ ግቢ ራሱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከግቢው ወጣ ብሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲኬድ የሽሮሜዳ ሸማኔዎች አሉ፤ በሌላው ወገን የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ተቆልምሞ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችም አሉ። ብርሃኑ የወረደው ከላይ ወደ ታች ነው፦ ከቤተ መንግሥት ወደ ሹማምንት ቪላ፣ ከቪላ ወደ አስፋልት ዳር፣ ከአስፋልት ዳር በጎረቤት ቆጣሪ በኩል ወደ ጭቃ ቤት። እዚያ ሲደርስ አንድ ሽቦና አንድ አምፖል ሆኖ ነበር። ባንዳንድ ቤት አንዷ አምፖል ሁለት ክፍል እንድታበራ በመሐል ግድግዳው ቀዳዳ ላይ ትንጠለጠል ነበር። ያም ሆኖ ኩራዝን ያባረረች ናትና ተወደደች፤ ሸማኔውም ማታ ማታ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እንዲሠራ አስቻለችው።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝና በአሜሪካም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብዙ ቤት ሽቦ የተዘረጋለት ለመብራት ብቻ ነበር። የኤሌክትሪክ ካውያ ገበያ ላይ ሲወጣ የቤት እመቤቶቹ አምፖሉን ፈትተው ካውያውን እዚያው ከጣራ በተንጠለጠለው የአምፖል መያዣ ላይ ይሰኩ ነበር። በጣልያን አገር ደግሞ ለብርሃንና ለጉልበት ሁለት የተለያየ ታሪፍ ነበር፤ የጣልያን ሶኬት ባለ 10 እና ባለ 16 አምፔር ተብሎ መጠኑ የተለያየው ከዚያ የተነሣ ነው። እነሱ ኋላ ሽቦውንም ደንቡንም ለወጡ። እኛ ዘንድ «ኮረንቲ» የሚለው የጣልያን ቃል ቀረ፤ ብርሃኑንና ጉልበቱን የመለየቱ ነገር ግን በብዙ ቤት ሳይገባ ቀረ።

፪. ምጣዱ መጣ

የኤሌክትሪክ ምጣድን ብዙ ሰው የፋብሪካ ዕቃ አድርጎ ያየዋል። ገልብጦ ላየው ግን ልቡ ሸክላ ነው። ሸክላው ከሥሩ ቦይ ቦይ ሆኖ ይቦረቦራል፤ በቦዩ ውስጥ የሚግለው ሽቦ ይተኛል፤ ዙሪያው በላሜራ ይታቀፋል። የሸክላ ሠሪ እናቶች ጥበብና የግድቦቻችን ኃይል የተጋቡት በዚህ ዕቃ ነው። ምጣዱ እናቶቻችንን ከጭስ አውጥቷል፣ ከእንጦጦ ሸክምም ቢሆን ጥቂቱን አቅልሏል። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «ምጣድ አትስኩ» ቢል እኛ ከሱ ጋር አይደለንም።

ነገር ግን ቁጥሩን እንየው። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይበላል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። የድሮዋ ባለ 60 ዋት አምፖል 0.27 አምፔር ብቻ ነበር የምትወስደው። አንድ ምጣድ ማለት እንግዲህ 58 አምፖል ማለት ነው! በሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው ጅረቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ጅረቱ ስምንት እጥፍ ቢጨምር ሙቀቱ 64 እጥፍ ይሆናል። ይህን ፎርሙላ ሁላችንም ፈተና ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ፎርሙላው ግን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አልቀረም፤ በየኮርኒሱ ውስጥ ሌሊትና ቀን ይሠራል።

ዛሬ በባለሙያ ዘንድ የተለመደው ለአምፖል መስመር ባለ 1.5 ሚሊ ካሬ ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ከ16 አምፔር ጋር ነው። ምጣድ ግን ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦ ከቦርዱ ብቻውን ተስቦለት፣ ለብቻው ብሬከር ሊኖረው ይገባል። በስንቱ ቤት አለ?

እዚህ ላይ ታሪክ ሌላ ሸክም ጨመረ። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ድኻው ከአከራይ ጉልበት ተላቀቀ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ አነስተኛ ኪራይ ቤት ማደስ አልተቻለምና ጣራው እያፈሰሰ፣ ሽቦው እየደረቀ ዓመታት ተቆጠሩ። ልጆች ተወለዱ፤ አግብተው ጓሮ ላይ ክፍል ቀጠሉ፤ ክፍሉ ሲቀጠል መብራቱም ተቀጠለ። ዛሬ በአንድ ቆጣሪ ሥር ሦስትና አራት ቤተሰብ ማየት ብርቅ አይደለም። የእንጀራ ቀን በተራ ይሆናል፤ ተራ የሳተ ሰው የጠብ ምንጭ ይሆናል፦

«እትዬ፣ መብራት ሄደብን እኮ!»
«ማነው ደግሞ ተራውን ሳይጠብቅ የሰካው? ትናንትም እናንተ ናችሁ!»

ባለቆጣሪና ተከራይ እንዲህ ይነታረካሉ። ጥፋተኛው ግን ከሁለቱ አንዱም ላይሆን ይችላል። ስድሳ ዓመት ኮርኒስ ውስጥ ተኝቶ የኖረው፣ ለአንዲት አምፖል የተሳበው ቀጭን ሽቦ ነው።

፫. መልእክተኛውን አንግደል

ፊውዝ ምንድን ነው? ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው። መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ሌላው ከመቃጠሉ በፊት እሱ ቀድሞ ይቀልጣል። መልእክተኛ ነው። «በዚህ መስመር ላይ ችግር አለ» ብሎ ራሱን መሥዋዕት ያደርጋል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠቅልለን እንተካዋለን፤ አልፎም የሲጋራ ብር ወረቀት፣ አልፎም ምስማር! ከዚያ በኋላ «አሁን አይጠፋም፣ አስተማማኝ ነው» እንላለን። እውነት ነው አይጠፋም። መልእክተኛው ሞቷልና የሚናገር የለም። በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀልጠው የደረቀው አቡጀዲ ኮርኒስ ሥር የተኛው ሽቦ ነው። ብሬከርም እንዲሁ ነው፤ ባለ 16ቱ አስቸገረ ተብሎ ሽቦው ሳይለወጥ በባለ 32 የሚተካ ሰው ነገሩን አልፈታውም፤ የማስጠንቀቂያውን ደወል ዘጋው እንጂ።

አንድ ሌላ የተሳሳተ እምነት እናንሣ። ፊውዝና ብሬከር የሚጠብቁት ሽቦውን ነው፤ ሰውን አይደለም። ሰውን ለመግደል ከ0.03 አምፔር በላይ የሆነ ጅረት በደረት ካለፈ ሊበቃ ይችላል። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ይህን ነገሬም አይለው። ሰውን የሚጠብቀው ትክክለኛ የመሬት መስመርና ጅረት ወደ ሌላ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው ልዩ ብሬከር ነው። በአሮጌ ቤት ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሉም።

፬. ቤትን እንደ መጽሐፍ ማንበብ

እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? ከውጭ ወደ ውስጥ ማንበብ ነው። መጀመሪያ ጎረቤትን ማየት። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ነገሩ ከትራንስፎርመር ወይም ከዋናው መስመር ነው፤ ቤት ውስጥ መፍታት መግጠም አያስፈልግም፤ ለአገልግሎቱ በ905 መደወልና መጠበቅ ነው። እስከዚያው ምጣዱንና ፍሪጁን ነቅሎ፣ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ መቆየት ደግ ነው። ሰፈሩ በርቶ የኛ ቤት ብቻ ከጠፋ፣ ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ሒሳቡ አልቆ እንደሆነ ማየት። አይሳቅ! ስንቱ ሰው ካርድ አልቆበት ባለሙያ ጠርቷል።

ሒሳቡ ካለ ወደ ብሬከሩ። የወረደ ብሬከር ካለ ወዲያው መልሶ ማንሣት አይገባም። በመጀመሪያ በዚያ መስመር ላይ የተሰካውን ሁሉ መንቀል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ማንሣት። ምንም ሳይሰካ መልሶ ከወረደ ሾርት ያደረገው መስመሩ ራሱ ሊሆን ይችላልና እዚያ ላይ እጅ ይሰበሰባል፤ ባለሙያ ይጠራል። ተነሥቶ ከቆየ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መሰካት። አንዱ ሲሰካ ወዲያው ከወረደ ጥፋተኛው ያ ዕቃ ነው። የሚወርደው ምጣዱና ሌላው አንድ ላይ ትንሽ ከሠሩ በኋላ ከሆነ ግን ነገሩ የጭነት ነው፦ መስመሩ «በቃኝ» እያለ ነው።

አንዲት አምፖል ብቻ ብልጭ ድርግም ብትል፣ ዋናውን አጥፍቶና አምፖሏ እስክትቀዘቅዝ ጠብቆ በሌላ መተካት ነው። አዲሷም እንደዚያው ካደረገች መያዣው ወይም መጋጠሚያው ላልቷል። ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ትንሽ ፈዘዝ ቢል የተለመደ ነው፤ ዓይን እስኪጨልም ከፈዘዘ ግን ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንድ ቦታ ላይ መጋጠሚያው ተበላሽቷል። ዲቫይደር የምንለው ማከፋፈያ ላይ ምጣድ መሰካት ግን ለምርመራም አይፈቀድ።

የቤት ሰው ምርመራ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያሉት ምልክቶች ዋናውን ብሬከር አውርዶ ባለሙያ የሚያስጠሩ ናቸው። ሶኬቱ ሲነካ ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፤ ግድግዳው ውስጥ የሚጮህ ነገር ከተሰማ፤ የምጣዱ ላሜራ ወይም የቧንቧው ውሃ ከነዘረ። «ትንሽ ነው የነዘረኝ» የሚል ሰው አናጣም። ዛሬ ጫማ አድርጎ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ስለነበር ነው ትንሽ የሆነው፤ ነገ በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ሲቆም ያው ላሜራ ይገድለዋል። በክረምት ጣራው አፍስሶ ውሃው በኮርኒሱ በኩል ወደ ሽቦው ከወረደም እንደዚያው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ አንዱ ክፍል መብራቱ ሲደበዝዝ ሌላው ክፍል ከልክ በላይ ሲደምቅ ነው። ሞኝ ሰው «ዛሬ ኃይሉ ጥሩ ነው» ይላል። ይህ ብዙ ጊዜ የኒውትራሉ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ላልቷል ማለት ነው። በሦስት መስመር በሚመጣ ኃይል ላይ ኒውትራል ሲጠፋ የአንዱ ቤት ቮልት ወርዶ የሌላው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በደቂቃ ይጋያሉ። ዋናውን ዘግቶ ለጎረቤትም መናገር ነው። መስመሩን እስከ ቆጣሪው የሚነካው አገልግሎቱ ብቻ ነው፤ የቆጣሪ ማኅተም መፍታት ወንጀልም ነው፣ ሞትም ነው።

ስለ ቴስተርም አንድ ቃል። ቴስተር ባለሙያዎች ፌዝ የሚሉትን መስመር ያሳያል። ስሙ ነው እንጂ ነገሩ የሚፌዝበት አይደለም። ቴስተሩ ስላልበራ ብቻ ሽቦው ሙት ነው ብሎ መያዝ አይገባም፤ ቴስተርም ይበላሻል። ኮረንቲ የያዘውን ሰውም ሮጦ ማቀፍ ሁለት ሬሣ ማድረግ ነው። ዋናውን ማጥፋት፣ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ነው። እሳት ቢነሣም ኃይሉ ሳይቆረጥ ውሃ አይደፋም።

፭. ባለሙያው ማነው?

ለምንድን ነው ባለሙያ የምንጠራው ከተቃጠለ በኋላ? ገንዘብ አንድ ምክንያት ነው፤ የድኻ ኪስ ይታወቃል። ግን ሌላ፣ የቆየ ምክንያት ያለ ይመስለናል። የእጅ ሥራን የመናቅ በሽታችን ነው። ጉለሌ ይህን በሽታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሸማኔው የሠራውን ለብሰን ሸማኔውን ሰድበናል፤ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ እንጀራ በልተን እሷን «ቡዳ» ብለናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አለ። «ሽቦ መቀጠል ምን ጥበብ አለው? ያ የሰፈር ልጅ ቴስተር አለው፣ ለሻይ ሰጥተን ያየው» እንላለን። ልጁን መናቃችን አይደለም፤ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ስንት አምፔር እንደሚችል ሳያሰላ ሌላ ሽቦ የሚቀጥልበት እንደሆነ ግን የሰበሰብነው አደጋ ነው።

መልካም ባለሙያ በጥያቄው ይታወቃል። መጥቶ ወዲያው ፊውዝ የሚጠቀልል ሰው አላየውም ማለት ነው። ሁነኛው ግን «ምን ምን ትሰካላችሁ? ስንት ቤተሰብ ነው? መቼ ነው የሚጠፋው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቦርዱን ከፍቶ የሽቦውን ውፍረት ያያል፣ መጋጠሚያዎቹን ያጠብቃል፣ መሬት መስመር መኖሩን ይለካል። ማለትም የቤቱን ታሪክ ያጠናል። ታሪክ ጸሐፊና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም የዛሬውን ጣጣ ትናንት ከተዘረጋው መስመር ይጀምራሉ።

እኛ ተማሪዎች በዚህ ሰፈር ውስጥ ተቀምጠን፣ ከዚህ ሰፈር እንጀራ እየበላን የምንማር ነን። ለወረዳው ጥናት ጽፈን ስለ ከተማ መልሶ ማልማት ከምንከራከረው ሰዓት ላይ አንዲቷን ቅዳሜ ቆርጠን በየተከራየንበት ግቢ አንድ ሥራ እንሥራ፦ በአንድ ቆጣሪ ሥር ስንት ምጣድ፣ ስንት ካውያ፣ ስንት ምድጃ እንዳለ ቆጥረን፣ ዋቱን ደምረን ለ220 አካፍለን፣ ውጤቱን ለባለቆጣሪዋ እናሳያቸው። ከዚያ ተከራዩም ባለቤቱም አዋጥቶ ለምጣዱ አንድ ራሱን የቻለ መስመር ቢያስዘረጋ፣ ወጪው ለአራት ቤተሰብ ሲካፈል ከአንድ ኮርኒስ ዋጋ አይበልጥም፤ ከአንድ ሰው ነፍስ ጋርማ አይወዳደርም። ተራ መጠበቁና መነታረኩም በዚያው ይቀንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ኤሌክትሪክን ሳያዩ ነበር፤ ምክሩ ግን ለኛ ግቢ የተነገረ ይመስላል።